ስልክዎን መድኃኒት አስታዋሽ ለማድረግ

መጀመሪያ ሰዓቱን ይወስኑ። ዛሬ አብዛኛው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ተጠቃሚ የሚወስደው ዶሉቴግራቪር ያለበትን፣ በቀን አንዴ የሚዋጥ አንድ ፍሬ ኪኒን ስለሆነ አንድ አላርም ይበቃል። ከሚሴ ላሉ ጿሚዎች ከመግሪብ በኋላ፣ ለምሳሌ ማታ 1፡30 ይመቻል፤ ረመዳን ሲገባም ሰዓት መቀየር አያስፈልግም።

አላርሙን ሲሞሉ ይጠንቀቁ። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ ማታ 1፡30 ማለት 7፡30 ፒኤም ነው። ኤኤም ላይ ከተዉት ጠዋት ይጮኻል። ስሙንም «መድኃኒት» አይበሉት፤ ስልክዎን ልጅም ጎረቤትም ያነሳዋል። «ቡና» ቢሉት ማን ይጠረጥራል? መልእክት ሲገባ ጽሑፉ ስክሪን ላይ እንዳይታይም ያጥፉት።

አላርም ግን ይጮኻል እንጂ አይጠይቅም። ስለዚህ ምስጢርዎን የሚያውቅ አንድ ሰው ይምረጡ። ኬንያ ውስጥ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2010 ላንሴት ላይ የታተመው የዌልቴል ጥናት በሳምንት አንዴ «ማምቦ?» (እንዴት ነህ?) የሚል አጭር መልእክት ይልክ ነበር። ታካሚው በ48 ሰዓት ውስጥ «ሳዋ» (ደህና) ወይም «ሺዳ» (ችግር አለ) ብሎ ይመልሳል፤ ችግር ላለበት ነርሷ ትደውላለች። መድኃኒታቸውን በአግባቡ እንደወሰዱ የተናገሩት መልእክት ከሚደርሳቸው 62 በመቶ፣ ከማይደርሳቸው 50 በመቶ ነበሩ። እኔ የወደድኩለት «ዋጥክ ወይ?» ብሎ አለመመርመሩን ነው። እዚህም በኦሮምኛ «አካም ጂርታ?» (እንዴት ነህ?) የሚል መልእክት ማንም ቢያየው ሰላምታ ነው። ማንበብ ለማይችል ሚስድ ኮል ይበቃል፦ አንዴ ከጠራ ደህና ነኝ፣ ሁለቴ ከጠራ ደውሉልኝ።

ከረሱ ባስታወሱ ጊዜ ይውሰዱ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ያለፈውን ይተዉት እንጂ ሁለት አይደርቡ።

ለቀጠሮ ሌላ አላርም ሳምንት ቀድመው ይሙሉ። ባቲ የሚታከሙ ከሆነ ቀጠሮው ሰኞ እንዲሆንልዎ ይጠይቁ፤ የገበያ ቀን ስለሆነ ገበያ ወጣሁ የሚል ሰው ጠያቂ የለውም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ሲደርስ እንደታየው መንገድ ሊዘጋ ይችላልና ኪኒኑ እስኪያልቅ አይጠብቁ። የሕክምና ካርድዎን ፎቶ ሰው በሚነካካው ስልክ አያስቀምጡ፤ የመድኃኒቱን ስም ማወቅ ይበቃል፣ ሌላ ጤና ተቋም ቢሄዱም ያግባባዎታል።

ሲም ካርድ የቀየሩ ዕለት አዲሱን ቁጥር ለኤአርቲ (የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና) ክፍል ያስመዝግቡ፤ ቀጠሮ ሲያልፍዎ የሚደውሉት በዚያ ነው።