«የኔ መቅኔ አልሆነው ይሆን?»

ሰሞኑን አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ዶክተር፣ ወንድሜ ሉኪሚያ ነበረበት። ውጭ ሀገር የመቅኔ ንቅለ ተከላ ተደረገለት፣ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ደሙ ግን አሁንም ዝቅተኛ ነው። የኔ መቅኔ አልሆነው ይሆን?»

በመጀመሪያ፣ ንቅለ ተከላ ሲባል አጥንት ተከፍቶ መቅኔ የሚጨመርበት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ከለጋሹ የተወሰዱት ስቴም ሴሎች ልክ እንደ ደም በደም ሥር ነው የሚሰጡት። ታዲያ አጥንት ውስጥ መግባት እንዳለባቸው ማን ነገራቸው?

መቅኔ ውስጥ ራሳቸው ደም የማይሠሩ፣ ግን ደም ሠሪዎቹን የሚደግፉ ሴሎች አሉ፤ ስትሮማ ይባላሉ። ሲኤክስሲኤል12 የሚባል ኬሚካል ይለቃሉ። ስቴም ሴሉ የቡና ሽታ እንደሳበው ጎረቤት እሱን ተከትሎ ይመጣል። ከገባ በኋላም ይይዙታል፣ ማደጊያውን ይሰጡታል፣ መቼ እንደሚባዛ መቼ እንደሚያርፍ ምልክት ይልኩለታል።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ችግኙ የለጋሹ ነው፣ አፈሩ ግን የታማሚው የራሱ ነው። ከንቅለ ተከላ በኋላ የደም ሴሎቹ የለጋሹ ይሆናሉ (የደም ዓይነት ሳይቀር ይቀየራል!)፤ ስትሮማው ግን በአብዛኛው የታማሚው እንደሆነ ይቀጥላል። ያ አፈር ደግሞ ደክሟል። መጀመሪያ ሉኪሚያው አበላሽቶታል፣ ቀጥሎ ከንቅለ ተከላው በፊት የሚሰጠው ከባድ ኬሞ፣ አንዳንዴም ጨረር፣ እሱንም ጎድቶታል። ጤነኛ ችግኝ በተጎዳ አፈር ላይ እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል።

ስለዚህ እህቴ፣ በሁለት ሳምንት «አልሆነም» አይባልም። ነጭ የደም ሴል ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ብቅ ይላል፤ ፕላትሌትና ቀይ የደም ሴል ሊዘገዩ ይችላሉ። መያዝ አለመያዙን ሐኪሞቹ ከደሙ ስንት እጁ ያንቺ እንደሆነ በምርመራ ያዩታል። የመከላከል አቅሙ በደንብ እስኪመለስ ግን አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ የልጅነት ክትባቶች ሳይቀሩ እንደገና ይሰጣሉ።

ሀገር ቤት ሲመለስ የሚያስፈራኝ ፍቅራችን ነው፤ ሳሎን ሙሉ ጠያቂ፣ «ይበርታ» ተብሎ የሚመጣ ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተት። ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ ይጠይቀው። ሙቀቱ 38 ከደረሰ ደግሞ ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ።