አጎትህ በስንት ስም ይጠራ ነበር?

ልጄ፣ ይህን ደብዳቤ የአጎትህ አርባ ካለፈ በኋላ አንብበው። አጎትህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሠላሳ ዓመት ኖሮ፣ ሚስቱን ከፈታ ቆይቶ፣ ልጅ ሳይወልድ፣ ሳይናዘዝም ሄደ። እኔም የራሴን ወንድም የቀበርኩት እዚሁ ስለሆነ የውርሱን መንገድ በእግሬ አውቀዋለሁ።

1. የሞት ምስክር ወረቀቱን ማኅተም ያለበት አሥር ቅጂ እንዲያወጡልህ ቀብር አስፈጻሚዎቹን ንገር። ፎቶ ኮፒ ይዞ ባንክ መሄድ ድካም ነው።

2. ከሁሉ የከፋው የስም ጉዳይ ነው። እዚህ ያለው ፍርድ ቤት የሚልህ «ዘመድነትህን አሳይ» ነው። እኛ ዘንድ ወንድማማቾችን የሚያስተሳስረው የአባት ስም ነው፤ እዚህ ግን አንዱ ወረቀት የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም «የቤተሰብ ስም» ያደርገዋል። አባትህና አጎትህ ከአንድ ማሕፀን ወጥተው በፈረንጅ ወረቀት ባዳ ናቸው። በዚያ ላይ «ጸ» በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ትጻፋለች። የልደት ቀኑ እንደ ብዙዎቻችን ጃንዋሪ 1 ነው፤ የኛው ዓመተ ምሕረት ሳይቀየር እንዳለ ተገልብጦ ከሆነ ደግሞ ሰውየውን በሰባት ስምንት ዓመት አስረጅቶታል። የወንድሜ ገንዘብ አንድ ባንክ ውስጥ ወራት የተኛው በአንዲት ፊደል ነው። የባንኩ ሠራተኛ ሁለት ወረቀት ዘርግታ «እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» ስትለኝ ሳቄ መጣ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ስለዚህ የክርስትና ስሙን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የፓስፖርቱን፣ የዜግነት ወረቀቱን ሁሉ በአንድ ገጽ ሰብስብ። ደሴ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ስትጠይቅ፣ ስሞቹ የአንድ ሰው መሆናቸው በውሳኔው እንዲሰፍር አመልክት። አብረውት ያደጉ ሁለት ሽማግሌዎች ምስክር ይሁኑህ። ከዚያ አስተርጉመህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ታስረጋግጠዋለህ።

3. እዚህ የውርስ መዝገቡ የሚከፈተው በየካውንቲው ባለው የኑዛዜ መዝገብ ቤት ነው፤ ኑዛዜ ባይኖርም እዚያው ነው። የተሾመው አጣሪ መጀመሪያ ዕዳ ይከፍላል። አበዳሪዎች እስከ ስድስት ወር ድረስ ሊመጡ ይችላሉ፤ «ገንዘቡን በሉት» ብለህ በሁለተኛው ወር አትጩህ።

4. ሁሉም ነገር በመዝገቡ አያልፍም። የጡረታ ቁጠባውና የሕይወት ኢንሹራንሱ ቅጹ ላይ ስሙ ለተጻፈው ሰው ይሄዳሉ። አጎትህ ከሃያ ዓመት በፊት የሞላውን ቅጽ ካልቀየረው፣ የቀድሞ ሚስቱ ስም እዚያው ሊኖር ይችላል። ቢያምህም ጉዳዩ ወደ ጠብ ከመሄዱ በፊት ቅጹን አይተህ እርግጠኛ ሁን።

5. ይሄኛው ቤተሰብ ያጋጫል። አባትህ ቀድሞ ስለሞተ በእሱ ቦታ የምትገባው አንተ ነህ። ሜሪላንድ ውስጥ እህትና ወንድም የውርስ ግብር አይከፍሉም፤ የወንድም ልጅ ግን ከድርሻው ከመቶ አሥር ይከፍላል። እህታቸው አክስትህ ድርሻዋን ሙሉውን ስትወስድ ያንተ ሲጎድል «አክስቴ ቀማችኝ» እንዳትል፤ አስቀድማችሁ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። አጎትህ ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ቢኖር ኖሮ ይህ ግብር ባልነበረ።

6. «ገንዘቡ እንዲለቀቅ መጀመሪያ ይህን ያህል ላክ» ያለህ ሁሉ፣ ጠበቃ ነኝ ቢልም፣ ሌባ ነው።

7. እዚህ ላለ ሰው ውክልና ስትሰጥ ልዩ ውክልና ይሁን፤ የሚሠራው ሥራ በስሙ ይጻፍበት። አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ በቀጠሮ ፊርማህን ያረጋግጣል። ለእኔም ብትሰጠኝ እንዲሁ አድርግ፤ አልቀየምም።

8. አፓርታማው ከመለቀቁ በፊት የፎቶ አልበሙን እኔ ጋ አስቀምጣለሁ። አባትህና አጎትህ በተማሪነታቸው አብረው የተነሱት ፎቶ አለ፤ ጀርባው ላይ የሁለቱም ሙሉ ስም በአያታቸው እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል።