የበጉን ሳንባ ለውሻ ከመጣላችሁ በፊት

«ዶክተር፣ የውሻዬ ሰገራ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር አየሁ» ትሉኛላችሁ። ብዙ ጊዜ ውሻው ቁንጫ ሲውጥ የሚይዘው የኮሶ ትል ቁራጭ ነው። የቡችላ ሆድ ተነፍቶ እንደ ፓስታ ረዘም ያለ ትል ካስመለሰው ደግሞ ወስፋት ነው። ከእናቱ ሆድ ይዞት ሊወለድ ስለሚችል መድኃኒቱ በ2 ሳምንቱ ይጀመራል።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን የማይታየው ነው። ለበዓል በግ ታርዶ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ «በቃ ለውሻው ጣሉለት» ይባላል። ከከረጢቱ የሚወጣው እጭ ውሻው አንጀት ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትሆን ትል ይሆናል። ውሻው ብዙውን ጊዜ ምንም አይልም። እንቁላሉ ግን ከሰገራው ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩም ላይ ይጣበቃል። ልጃችሁ ውሻውን ዳብሳ እጇን ሳትታጠብ ከበላች፣ ከዓመታት በኋላ ያው ከረጢት የእሷ ጉበት ላይ ሊገኝ ይችላል። አንዳንዴ ያለ ኦፕሬሽን አይወጣም።

ከረጢት ያለበትን ሥጋ አቃጥሉት፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው አርቃችሁ ቅበሩት። ለዚህ ትል የሚሆነው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው፤ የእንስሳት ሐኪም በውሻው ክብደት ልክ ይስጣችሁ። ቤት የተረፈ የሰው ኪኒን አትስጡት፣ እባካችሁ!