የዕለቱ በኵራት፦ በየቀኑ ሕይወታችን እግዚአብሔርን ስለማስቀደም

በነቢዩ ኤልያስ ዘመን በሲዶና አገር፣ ሰራፕታ በተባለች ከተማ፣ አንዲት መበለት ትኖር ነበር። ድርቁ ጸንቶ ስለ ነበር በቤቷ የቀረው በማድጋ ውስጥ ያለ አንድ እፍኝ ዱቄትና በማሰሮ ያለ ጥቂት ዘይት ብቻ ነበር። እንጨት ለቅማ፣ ለራሷና ለልጇ የመጨረሻውን ምግብ አዘጋጅታ፣ ከዚያም ሞትን ለመጠበቅ በተሰናዳችበት ሰዓት ነቢዩ ወደ እርሷ መጥቶ የሚበላ ጠየቃት። አጠያየቁን ልብ ብለን ልንመለከተው ይገባል። ዱቄቱን ሁሉ እንድትሰጠው አልጠየቃትም፤ ልጇን እንድታስርብም አላዘዛትም። የጠየቃት አስቀድማ ለእርሱ ትንሽ እንጎቻ እንድትጋግርለት፣ ከዚያም በኋላ ለራሷና ለልጇ እንድታዘጋጅ ነበር (1ነገ. 17፥8-16)።

እንግዲህ የታሪኩ ጠቅላላ ክብደት ያረፈው «አስቀድሞ» በሚለው ቃል ላይ ነው። የተጠየቀችው ብዙ አይደለም፤ አንዲት ትንሽ እንጎቻ ናት። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዋ ከተሰጠች በኋላ ለልጇ የሚተርፍ ነገር መኖሩን በዓይኗ ያየችበት ማስረጃ አልነበራትም። የነቢዩ ቃል ብቻ ነበራት። ያቺ ሴት በዚያ ሰዓት ብትፈራ ማንም ሊወቅሳት አይችልም፤ እናት ናትና።

እኛም ስለ ጊዜያችን የምንፈራው ይህንኑ ነው። በየቁምስናው ያሉ ካህናት ከምእመናን ዘወትር ከሚሰሟቸው ቃላት አንዱ «አባ፣ መጸለይ እወዳለሁ፤ ነገር ግን ጊዜ የለኝም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ሁሉ ሰነፎች ናቸው ብለን አንፈርድም። ዶሮ ሲጮህ ተነሥታ እሳት የምታያይዝ እናት፣ ገና ሳይነጋ ለታክሲ የሚሰለፍ ሠራተኛ፣ ሌሊት ዘብ አድሮ ጠዋት ወደ ሁለተኛ ሥራው የሚሄድ አባት በእርግጥ ጊዜያቸው እንደዚያች እፍኝ ዱቄት ጥቂት ነው። ሆኖም ራሳችንን አንድ ጥያቄ ብንጠይቅ መልካም ይሆናል፤ ለእግዚአብሔር የምንሰጠው ጊዜ ምን ዓይነት ጊዜ ነው? በአነጋገራችን «ትርፍ ጊዜ ሳገኝ» እንላለን። ትርፍ ማለት ሌላው ሁሉ ከተዳረሰ በኋላ የቀረ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ለሥራ፣ ለወሬ፣ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ከሰጠን በኋላ ዐይናችን በእንቅልፍ ሲከደን የሚቀረንን ለአምላክ እናቀርባለን። ነቢዩ ሚልክያስ ዕውርና አንካሳ እንስሳ ለመሥዋዕት ያቀርቡ የነበሩትን ሰዎች ሲገሥጽ፣ ይህንኑ እስቲ ለአገራችሁ ገዥ አቅርቡለት፤ በእናንተ ደስ ይለዋልን? በማለት ዓይነት ነበር የጠየቃቸው (ሚል. 1፥8)። ለአለቃችን የማናደርገውን ለእግዚአብሔር ስናደርግ እንደምንገኝ ሳንሸሽግ መናገር አለብን። ይህን የምንጽፍ እኛም ከዚህ ወቀሳ ውጭ አይደለንም።

ቅዱስ መጽሐፍ ለዚህ መድኀኒት የሚሆን አንድ ጥንታዊ ሥርዐት ያስተምረናል፤ እርሱም የበኵራት ሥርዐት ነው (ዘዳ. 26፥1-11)። በኵራትና አሥራት በብዙዎቻችን አስተሳሰብ አንድ ነገር ይመስላሉ፤ ነገር ግን ትልቅ ልዩነት አላቸው። አሥራት የሚከፈለው እህሉ ተወቅቶና ተሰፍሮ ጠቅላላው ከታወቀ በኋላ ነው፤ ከአሥሩ አንዱን ማስላት ይቻላል። በኵራት ግን ገና ማሳው ሳይታጨድ የሚሰጥ ነው። ገበሬው የመጀመሪያውን ፍሬ በቅርጫት አድርጎ ወደ መቅደሱ ሲወስድ፣ የቀረውን በረዶ ይምታው ወይም አንበጣ ይብላው አያውቅም። ስለዚህ በኵራት ከሒሳብ ይልቅ የመታመን ሥራ ነው። የጠዋት ጸሎትም እንዲሁ ነው። ቀኑ ምን ይዞብን እንደሚመጣ ሳናውቅ የመጀመሪያውን ፍሬ እንሰጣለን። የማታው ጸሎት ደግሞ ቀኑ ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ የሚቀርብ ስለ ሆነ ወደ አሥራቱ ይጠጋል ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌያችን ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ራሱ ነው። ወንጌላዊው ማርቆስ በቅፍርናሆም ያሳለፈውን አንድ ሰንበት ይተርክልናል። በምኵራብ አስተማረ፤ ርኩስ መንፈስ ያለበትን ሰው ፈወሰ፤ የስምዖንን አማት ከንዳድ አዳነ፤ ፀሐይ ከገባች በኋላም የከተማው ሰው ሁሉ በሽተኞቹን ይዞ በደጅ ተሰበሰበ። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ቢተኛ የሚያስነቅፈው አልነበረም። እርሱ ግን ገና ሌሊት ሳለ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ሄደና ጸለየ (ማር. 1፥21-39)። ብዙ ጊዜ ንባባችንን እዚህ ላይ እናቆማለን፤ ቀጥሎ የተጻፈው ግን እጅግ ጠቃሚ ነው። ስምዖንና ባልንጀሮቹ ተከትለው መጥተው ሁሉም እንደሚፈልጉት ነገሩት። ሕዝቡ ወደ ከተማው እንዲመለስ ይሻ ነበር። እርሱ ግን የመጣበት ዐላማ ይህ ስለ ሆነ ወደ ሌሎቹ መንደሮች እንሂድ አላቸው። እንግዲያስ የዚያን ቀን አቅጣጫ የወሰነው በደጅ የቆመው የሰው ብዛት አልነበረም፤ ቀኑ ከአብ ጋር በመነጋገር ተጀምሮ ነበርና። ሳይጸልይ ከቤቱ የሚወጣ ሰው የቀኑን አቅጣጫ የሚቀበለው መጀመሪያ ከጠራው ሰው ነው። ዛሬ ደግሞ ብዙዎቻችንን መጀመሪያ የሚጠራን በትራሳችን ሥር ያደረው ስልክ ነው። ገና ፊታችንን ሳናማትብ የሰውን ሁሉ ወሬ እናነብባለን።

ስለ ጸሎቱ ርዝመት ብዙ ማለት አያስፈልግም። በመስቀል ምልክት አማትቦ አቡነ ዘበሰማያትን በማስተዋል መድገም፣ ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፋፈለ ስለ ሆነ የዕለቱን ማድረስ፣ የዕለቱን ወንጌል ጥቂት ቁጥር ማንበብ፣ ከዚያም የሚጠብቀንን ሥራና የምንገናኛቸውን ሰዎች በስማቸው ለእግዚአብሔር ማስረከብ በዐሥርና በዐሥራ አምስት ደቂቃ ሊፈጸም ይችላል። ብዙዎችን ከዚህ የሚያስቀራቸው የሐሳብ መበተን ነው። «በአፌ እጸልያለሁ፤ ልቤ ግን ገበያ ነው» ብለው ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። እነዚህን ወገኖቻችን ወደ እናቶቻችን ማድ ቤት ልንወስዳቸው እንወዳለን። እንጀራ ስትጋግር የመጀመሪያዋ ማሟሻ ናት፤ ምጣዱ ገና አልሰማምና ዐይኗ አያምርም፤ አንዳንዴም ትቀደዳለች። ጋጋሪዋ ግን ማሟሻዋ ተበላሸች ብላ ሊጡን አትደፋም፤ ያለ ማሟሻ ምጣዱ እንደማይሰማ ታውቃለችና። የጠዋት ጸሎታችን የመጀመሪያ ደቂቃዎች ብዙ ጊዜ እንደዚህ ናቸው። የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ጸሎት ተጋድሎ መሆኑንና የሐሳብ መበተን የተለመደ ችግር መሆኑን ይገልጻል፤ የተበተነውን ሐሳብ ለማሳደድ ከመሮጥ ይልቅ በትሕትና ወደ ልባችን መመለስ በቂ እንደሆነም ያስተምረናል።

ከዚህ ቀጥሎ አንድ ከባድ ነገር መናገር አለብን። እግዚአብሔርን ማስቀደም በጠዋቱ ጸሎት ተጀምሮ በዚያው የሚያልቅ ከሆነ፣ ለእግዚአብሔር የሰጠነው በኵራት ሳይሆን ጉቦ ይሆናል። በየማለዳው ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ ለሦስት ወር ይዞ ቢያቆይ፣ ወይም መቁጠሪያዋን ከእጇ የማትለይ ነጋዴ በሚዛኗ ላይ ብታታልል፣ ጸሎታቸው ወዴት ይደርሳል? መጽሐፈ ሲራክ ከድኻው ገንዘብ ወስዶ መሥዋዕት የሚያቀርበውን ሰው ልጁን በአባቱ ፊት ከሚያርድ ሰው ጋር ያመሳስለዋል፤ የሠራተኛውን ደመወዝ የሚያስቀረውንም ደም አፍሳሽ ይለዋል (ሲራክ 34)። ጌታችንም መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሎ ማስተማሩን እናውቃለን (ማቴ. 5፥23-24)። እዚህም ላይ «አስቀድመህ» የሚል ቃል አለ። ወንድምን ማስቀደም እግዚአብሔርን ወደ ኋላ ማድረግ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

የጄኔቫ ጳጳስ የነበረው ቅዱስ ፍራንሲስ ዘሳለስ (እ.ኤ.አ. 1567-1622) ይህን ጉዳይ አስፍቶ ያስተማረ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1609 ያሳተመው ስለ መንፈሳዊ ሕይወት የሚያስተምረው መጽሐፍ የተገኘው ለአንዲት ባለትዳር ሴት ከጻፋቸው ምክሮች ነው። በዚያ ዘመን መንፈሳዊነት የገዳም ሰዎች ድርሻ ብቻ ይመስላቸው ለነበሩ ብዙዎች፣ ወታደሩም፣ የእጅ ባለሙያውም፣ ባለትዳሩም እያንዳንዱ እንደ ኑሮው እግዚአብሔርን መውደድ እንደሚችል አስረዳቸው። እንዲያውም ጳጳስ እንደ መናኝ ብቻውን ልኑር ቢል፣ የእጅ ባለሙያም ቀኑን ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ልዋል ቢል ሥርዐት የሌለው ነገር ይሆናል ይላል። የታመመ ሕፃን ታቅፋ ያደረች እናት ጠዋት ቅዳሴ ስላልደረሰች እግዚአብሔርን ወደ ኋላ አድርጋለች ሊባል አይችልም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ ምእመናን ሁሉ፣ በማንኛውም ዓይነት ኑሮ ያሉት፣ ወደ ቅድስና የተጠሩ መሆናቸውን አጽንቶ አስተምሯል።

ታዲያ የጠዋቱ በኵራት ወደ ቀኑ ውስጥ እንዴት ይገባል? ለዚህ አባቶቻችን ያቆዩልን መንገድ አለ። በግእዝ ሥርዐታችን ሰባት የጸሎት ጊዜያት እንዳሉ እናውቃለን፤ እነርሱም ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ሰባቱን በሙሉ ማድረስ ለመነኮሳት እንጂ ለቢሮና ለፋብሪካ ሠራተኛ አይቻልም ይባል ይሆናል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን እኛ ኢትዮጵያውያን ብዙ ሌሎች ሕዝቦች የሌላቸው አንድ ጥቅም እንዳለን ብዙዎቻችን አናስተውልም። ሰዓታችንን የምንቆጥረው ወንጌል በሚቆጥርበት መንገድ ነው። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በምድር ሁሉ ጨለማ ሆነ የሚለውን (ማቴ. 27፥45) ስንሰማ፣ ሌላው አንባቢ ቆም ብሎ ማስላት ይገባዋል፤ እኛ ግን የእጅ ሰዓታችንን ማየት ብቻ ይበቃናል። መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ በወረደበት ዕለት ጴጥሮስ ለሕዝቡ ሲናገር ሦስት ሰዓት ነበር (ሐዋ. 2፥15)። ጴጥሮስ ሊጸልይ ወደ ሰገነት የወጣውና የተራበው በስድስት ሰዓት ነበር (ሐዋ. 10፥9-10)፤ የእኛ የምሳ ሰዓት መሆኑ ነው። ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደ መቅደስ ሲወጡ ሽባውን ያገኙት፣ ቆርኔሌዎስም መልአኩን ያየው በዘጠኝ ሰዓት ነበር (ሐዋ. 3፥1፤ 10፥3)። ጌታችንም ነፍሱን የሰጠው በዚሁ ሰዓት ገደማ ነው።

ስለዚህ ሦስት ሰዓት ላይ ሥራውን የጀመረ ሰው «መንፈስ ቅዱስ ሆይ፣ ምራኝ» ቢል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ለምሳ ሲነሣ የተሰቀለውን ጌታ ቢያስብ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲደክመው «ጌታ ሆይ፣ በመንግሥትህ አስበኝ» ቢል ማንም ሳያውቅበት ከአባቶቹ ጸሎት ጋር ተባብሯል። በዐረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ቀርቶ መስቀላቸውን በአንገታቸው ማንጠልጠል የሚቸግራቸው እኅቶቻችን ብዙ ናቸው። በዚያ አገር የግድግዳው ሰዓት ዐሥራ ሁለት ሲል በእኛ አቈጣጠር ስድስት መሆኑን ያውቃሉና፣ ምግብ እያበሰሉም ቢሆን ይህችን ጸሎት የሚከለክላቸው የለም።

ከእግዚአብሔር ሌላ ሁሉን የሚያስቀር መከራ በመጣ ጊዜ ምን ሊሆን እንደሚችል ለማየት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ማስታወስ ይገባናል። በጎጃም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1791 የተወለዱት እኒህ መነኵሴ፣ ዕውነትን ፍለጋ መጻሕፍትን ሲመረምሩና አገር ለአገር ሲዞሩ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1841 ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር እስከ ሮም ተጉዘዋል፤ በ1844 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገብተው በ1851 ክህነት ተቀብለዋል። በመጨረሻም በእግር ብረት ታስረው ከሠራዊት ጋር እየተጓዙ እ.ኤ.አ. በ1855 ዐርፈዋል፤ ብፅዕናቸውም በ1926 ታውጇል። በሰንሰለት ላይ የታየው ጽናታቸው በሰንሰለቱ ቀን የተገኘ አይመስለንም። በየዕለቱ ዕውነትን ማስቀደም የለመደች ነፍስ በመከራዋም ቀን ያንኑ አደረገች።

ማታ ከቤተሰብ ጋር በአንድነት መጸለይ፣ የኅሊና ምርመራ ማድረግ፣ ቅዳሜ ወይም ከበዓል በፊት ወደ ኑዛዜ መቅረብ በዚህ መጽሔት በየጊዜው የተጻፈባቸው ስለ ሆኑ አንደግማቸውም። ይልቁንስ ወደ ሰራፕታዋ መበለት ተመልሰን አንድ ያላነሣነውን ነገር ልናነሣ እንወዳለን፤ ምክንያቱም በዘመናችን «እግዚአብሔርን አስቀድም፤ ንግድህ ይሰፋል፤ በሽታ ቤትህን አይነካም» እያሉ የሚሰብኩ ድምፆች በርክተዋል። የዚህች ሴት ታሪክ ግን እንዲህ አይልም። ማድጋዋ አልጎደለም፤ ማሰሮዋም አልነጠፈም፤ ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ልጇ ታመመና እስትንፋሱ ተቋረጠ። እርሷም ዝም አላለችም፤ ኀጢአቴን ልታስታውስና ልጄን ልትገድል መጣህብኝን ብላ በነቢዩ ላይ አማረረች። ነቢዩም አልተቈጣትም፤ እርሱ ራሱ ስለ ልጁ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ (1ነገ. 17፥17-24)።

በኵራትን የሰጠ ሰው እንደማያለቅስ የተጻፈ ተስፋ የለም። ያቺ መበለት በመከራዋ ቀን የምትጮህበትን ሰው ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለጋትም። የእግዚአብሔር ሰው በቤቷ ሰገነት ላይ ተቀምጦ ነበር። ልጁን ከብብቷ ተቀብሎ ወደ ሰገነቱ የወጣው፣ በኋላም ሕያው አድርጎ ወደ ታች ያወረደላት፣ በዚያች በመጀመሪያዋ ትንሽ እንጎቻ ምክንያት ወደ ቤቷ የገባው እንግዳ ነው።