የሮቦት ውድድር ዋንጫ የኮሌጅ በር ይከፍታልን?

 

ከሁለተኛ ደረጃ ታናናሾቻችን ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «በሮቦት ውድድር ብሸለም አሜሪካ ነፃ የትምህርት ዕድል አገኛለሁ?» ይህ በውስጡ ሁለት ጥያቄዎችን ይዟል፤ አንዱ ስለ መግባት፣ ሌላው ስለ ክፍያ ነው። ሁለቱን ያልለየ ተማሪ የመግቢያ ደብዳቤ በእጁ ይዞ ክፍያው አቅቶት ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በየተራ እንያቸው።

1. መግባት

በአሜሪካ በስፋት ከሚታወቁት የተማሪዎች የሮቦት ውድድሮች አንዱ በ1989 እ.ኤ.አ. በዲን ኬመን የተመሠረተው ፈርስት ነው። ሽልማቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። «ኢምፓክት» የተባለው ለቡድን የሚሰጥ ሲሆን «ዲንስ ሊስት» ግን ከ10ኛና ከ11ኛ ክፍል ታጭተው ለሚመረጡ ተማሪዎች በግል የሚሰጥ ነው። ማመልከቻ የሚያነቡ ሰዎችም ይህን ልዩነት ያያሉ።

ብዙ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት ኮመን አፕ የተባለው ማመልከቻ ለሽልማት አምስት፣ ለተሳትፎ ደግሞ አሥር ቦታ ብቻ አለው። ሽልማቱ በትምህርት ቤት፣ በክልል፣ በአገር ወይስ በዓለም አቀፍ ደረጃ እንደተገኘም ይጠይቃል። ከሁሉ በፊት የሚታየው ግን የትምህርት ውጤት ነው። ዋንጫ የደከመ የሒሳብና የፊዚክስ ውጤት አይጠግንም። ውጤታቸው ተቀራራቢ ከሆኑ አመልካቾች መካከል ግን ተማሪው የተማረውን በእጁ መሥራት እንደሚችል ያሳያል።

ጊዜውንም ልብ በሉ። የፈርስት ትልቁ ውድድር በጃንዋሪ ተጀምሮ በኤፕሪል ይጠናቀቃል። የብዙ ኮሌጆች መደበኛ ማመልከቻ ግን በጃንዋሪ አካባቢ ይዘጋል፤ ውሳኔውም በአብዛኛው እስከ ማርች መጨረሻ ይታወቃል። ስለዚህ በ12ኛ ክፍል በኤፕሪል የተገኘ ዋንጫ ለዚያ ማመልከቻ አይደርስም። ሥራው በ10ኛና በ11ኛ ክፍል መጀመር አለበት ማለት ነው።

2. ክፍያ

የገንዘብ ድጋፍ በሦስት መንገድ ይመጣል።

ሀ) በችግር መጠን የሚሰጥ፦ የቤተሰብ አቅም ታይቶ የሚሰጥ ነው። ሀርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤምአይቲ በዋንጫም ሆነ በውጤት ብልጫ ገንዘብ አይሰጡም። የተቀበሉትን ተማሪ ግን፣ ከውጭ አገር የመጣም ቢሆን፣ ቤተሰቡ ሊከፍል የማይችለውን ይሸፍኑለታል። በእነዚህ ዘንድ ሽልማቱ ለመግባት ያግዝ ይሆናል እንጂ የድጋፉን መጠን አይጨምርም።

ለ) በብልጫ የሚሰጥ፦ ሌሎች ብዙ ኮሌጆች ጎበዝ ተማሪ ለመሳብ የሚሰጡት ነው። ብዙ ጊዜ መለኪያው የትምህርት ውጤትና የፈተና ነጥብ ነው። የሮቦት ሽልማት ተጨማሪ ክብደት የሚኖረው በውድድር በሚሰጡት ላይ ነው።

ሐ) ለውድድሩ ተሳታፊዎች የተለየ፦ ለፈርስት ተሳታፊዎች ብቻ ድጋፍ የሚሰጡ ኮሌጆች አሉ። አንዳንዶቹ መሳተፍን እንጂ ማሸነፍን አይጠይቁም። ነገር ግን ለየብቻ ማመልከት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያላመለከተ አያገኝም። ከውጭ ድርጅት የተገኘ ገንዘብ ደግሞ ኮሌጁ ከሰጠው ላይ ሊቀነስ ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

አሁን እናስላ። ዓመታዊ ወጪው 80,000 ዶላር የሆነ ኮሌጅ 20,000 ዶላር ሸለመ እንበል። ስሙ ስኮላርሺፕ ነው፤ ደስም ያሰኛል። በየዓመቱ የሚቀረው ግን 60,000 ዶላር፣ በአራት ዓመት 240,000 ዶላር ነው። ይህን የሚሞላው ብዙ ጊዜ ብድር ነው፤ ብድሩም ወለድ አለው። ከሪባ ለሚጠነቀቅ ሙስሊም ተማሪ ስሌቱ መሠራት ያለበት ከማመልከቱ በፊት ነው። ደብዳቤው ከመጣና ቤተሰብ ከተደሰተ በኋላ «አይሆንም» ማለት ይከብዳል።

3. ለእኛስ?

እዚህ አገር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚወሰነው በ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ነው፤ ዋንጫ ነጥብ አይጨምርም። ታናናሾቻችሁን «ሮቦቱን ተው» አትበሏቸው፤ «ፈተናውን አትተው» በሏቸው።

የዕቃ እጥረትም ተስፋ አያስቆርጥ። በ2017 እ.ኤ.አ. የአፍጋኒስታን ሴት ተማሪዎች ቡድን ሁለት ጊዜ ቪዛ ተከልክሎ በመጨረሻ ዋሽንግተን በተካሄደው ፈርስት ግሎባል ውድድር ላይ ተገኘ። በጽናቱም የብር ሜዳልያ ተሸለመ። ማመልከቻ አንባቢም ተማሪው ምን እንዳገኘ ብቻ ሳይሆን በምን ሁኔታ ውስጥ ሆኖ እንዳገኘው ይመለከታል። ስለዚህ ሁኔታችሁን ግለጹ።

በመጨረሻ ስለ አማና። «ሮቦት ሠርተን አሸነፍን» የሚል ጽሑፍ ስለ እናንተ ምንም አይናገርም። «የክንዱን ሞተር የሚቆጣጠረውን ፕሮግራም ጻፍኩ፤ ዕቃ ሲያነሳ የነበረውን መንቀጥቀጥ ቀነስኩ» የሚለው ግን ይናገራል። ይህን የሚጽፈው ግን በእርግጥ የሠራው ብቻ ነው። የጓደኛን ሥራ የራስ ማድረግ ሐቁን መውሰድ ነው፤ የአሰልጣኙ የድጋፍ ደብዳቤም ሊያጋልጠው ይችላል። በውድድሩ ወቅት ማን ምን እንደሠራ በደብተር መዝግቡ። ዋንጫው ባይመጣ እንኳ ያ መዝገብ ለማመልከቻው ይጠቅማል።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም።