ድመትና ዓሣ በአንድ ቤት

ድመት መንኩሳ ዐመልዋን አትረሳ ይባላል። ይህ ተረት የሚነገረው ለነቀፋ ነው፤ ነገር ግን ድመት ማደንዋ ተፈጥሮዋ ነው እንጂ ክፋት አይደለም። ጠግባ የበላች ድመት እንኳ የሚንቀሳቀስ ነገር ባየች ጊዜ ታደባለች። ስለዚህ ድመት ባለችበት ቤት በመስተዋት ገንዳ ዓሣ የሚያኖር ሰው ሁለቱንም መጠበቅ ይገባዋል።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1747 ዓመት በእንግሊዝ አገር ሆራስ ዋልፖል የሚባል ጸሐፊ ሴሊማ የምትባል ድመት ነበረችው። በቤቱም ወርቃማ ዓሣዎች የሚዋኙበት ከቻይና የመጣ የሸክላ ገንዳ ነበረ። ሴሊማ ከዚህ ገንዳ ገብታ ሰጥማ ሞተች። ወዳጁ ቶማስ ግሬይ የተባለው ባለቅኔም ስለ ሞትዋ ግጥም ጻፈ። ሰው ሁሉ ለዓሣው ይፈራል፤ በዚያ ቤት ግን ውኃው የገደለው ድመቲቱን ነበር።

እንግዲህ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ክዳን ነው። ክዳኑም ድመት ስትዘልበት የማይናድ ጠንካራ፥ ነገር ግን አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ይሁን። ዓሣ በስንጥቡ የሚተነፍሰው በውኃው ውስጥ የሟሟውን አየር ነው፤ ውኃውም ያን አየር የሚቀበለው ከላይ በኩል ነውና አፉ ፈጽሞ መታፈን የለበትም። ገንዳው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ደግሞ ጽኑ ይሁን። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ 60 ሊትር የያዘ ገንዳ መስተዋቱና ጠጠሩ ሳይቈጠር 60 ኪሎ ነው። ወደ ማጣሪያው የሚሄደውም የኤሌክትሪክ ገመድ ድመት እንዳታኝከው ይሸፈን።

ይህ ሁሉ በዓይን የሚታይ አደጋ ነው፤ የማይታየው ግን ይብሳል።

አንዲት ልጅ ሦስት ወርቃማ ዓሣዎችና አንዲት ግራጫ ድመት ነበሩአት። አንድ ቀን ጧት ብትነሣ ሁለቱ ዓሣዎች ሞተው በውኃው ላይ ተንሳፈዋል። ድመቲቱም በገንዳው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ልጅቱ ተቈጥታ ድመቲቱን መታቻትና ከቤት አባረረቻት። አባትዋ ግን ክዳኑ እንዳልተነካ፥ በዓሣዎቹም ገላ ላይ አንድ ጭረት እንደሌለ አሳያት።

«ልጄ፥ ትናንት ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«የድመቲቱን ጠጕር በቁንጫ መድኃኒት አሸሁ። ከዚያ በኋላ የተነቀለውን የውኃ ቅጠል መልሼ ተከልሁ» አለች።

«በመካከሉ እጅሽን ታጥበሻልን?»

ልጅቱ ዝም አለች።

ቁንጫን የሚገድል መድኃኒት ብዙ ጊዜ ለዓሣም ብርቱ መርዝ ነው፤ በጣት ላይ የቀረው ጥቂት እንኳ ሊጐዳው ይችላል። ስለዚህ ድመቲቱን መድኃኒት የቀባ ሰው እጁን በሚገባ ሳይታጠብና ሳሙናውን ፈጽሞ ሳያለቀልቅ ወደ ገንዳው አይቅረብ። በክፍል ውስጥ የሚረጭ የተባይ መድኃኒትም እንዲሁ ያሠጋል፤ ለዓሣው አየር የሚነፋው መሣሪያ የክፍሉን አየር ስቦ ወደ ውኃው ያገባዋልና። ለውሻ ተብሎ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበት የቁንጫ መድኃኒት ደግሞ ድመቲቱን ራስዋን ሊገድላት ይችላል።

አባትና ልጅ ከውኃው እኩሌታውን ቀድተው በምትኩ ንጹሕ ውኃ ጨመሩ፤ ሦስተኛውም ዓሣ ዳነ። ድመቲቱ ግን ከጐተራው ሥር ገብታ ልጅቱ ብትጠራት ሁለት ቀን ሙሉ አልወጣችም።

ምግብ ማብዛትም ድመት ሳትነካው ዓሣን ይገድላል። ልጆች ዓሣው አፉን ሲከፍት ባዩ ቍጥር የራበው ይመስላቸዋል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ በልቶ ከሚጨርሰው በላይ ግን አይሰጠው። የተረፈው ምግብና የዓሣው ኵስ ሲበሰብሱ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣቸዋል፤ ውኃው ጥሩ መስሎ ሳለ ዓሣው ይታመማል። ይህን መርዝ የሚያበርዱት በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ የሚያድጉ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱም እስኪበዙ ድረስ ብዙ ሳምንት ይፈጃሉ። ገንዳውን ሁሉ አንድ ጊዜ ገልብጦ በሳሙና የሚያጥብ ሰው እነዚህን ረዳቶች ያጠፋቸዋል። ይልቁንም በየሳምንቱ ከውኃው አንድ አራተኛውን መለወጥ ይሻላል። የከተማ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ያለበት ስለ ሆነ ማርከሻው ሳይጨመርበት ለዓሣ አይሰጥም።

ለድመቲቱም ከገንዳው ርቆ በመስኮት አጠገብ ፀሐይ የሚያገኘው ከፍ ያለ መቀመጫ ይዘጋጅላት፤ የምትጠጣው ውኃም በራስዋ ጣባ ይቀመጥላት። ማታ ማታ ከምግብ በፊት በክር ላይ የታሰረ ጨርቅ እየጐተቱ ቢያጫውቱአት ትደክማለች፥ በልታም ትተኛለች። በገንዳውም ውስጥ ዓሣው ከዓይንዋ የሚሸሸግበት ድንጋይና ቅጠል ይኑር።