ስለ ባሕር ፍጥረት ምርመራ፤ ባሕር በሌለበት አገር ላሉ መምህራን

የባሕርን ፍጥረት መመርመር ለባሕር ዳር ሰዎች ብቻ የተሰጠ ትምህርት ይመስላል። በጅጅጋ፤ በአውበሬ፤ በቶጎ ውጫሌ ወይም በሽንሌ ያለ መምህር ስለ ኮራልና ስለ ባሕር ዓሣ የተጻፈ ገጽ ባገኘ ጊዜ፤ ተማሮቹን ምን ላሳያቸው እያለ ገጹን ያልፈዋል። ነገር ግን በባሕር ደሴት ላይ ያሉ ተማሮች የሚሠሩት ሥራ በዝናም ኩሬ ዳርም ሊሠራ የሚችል ነውና፤ ማለፉ አይገባም።

አስቀድሞ ኮራል የተባለው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ዐረቦች መርጃን ይሉታል። ሲያዩት ድንጋይ ወይም ቍጥቋጦ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። እጅግ ታናናሽ የሆኑ ብዙ እንስሶች በአንድነት ተያይዘው ይኖራሉ፤ ከባሕሩም ውሃ ኖራ እየወሰዱ ከሥራቸው የድንጋይ ቤት ይሠራሉ። በሥጋቸውም ውስጥ በዓይን የማይታይ ነገር ያድራል፤ እርሱም በፀሐይ ብርሃን ምግብ እያዘጋጀ ይመግባቸዋል። ስለዚህ ይህን የመሰለው ኮራል ብርሃን በሚደርስበት፤ በጠራና በሞቀ ባሕር እንጂ በጥልቅ ጨለማ አይኖርም። ለጅጅጋ ሰው ቅርብ የሆነው ከዘይላ ወደብ ፊት ለፊት ባሉት በሰዓደዲን ደሴቶች ዙሪያ ያለው ነው። በመንደሩ ወደዚያ ወርዶ የተመለሰ ሽማግሌ ቢገኝ፤ መምህሩ ወደ ክፍል ጠርቶ ያየውን ያስነግረው፤ ከመጽሐፍ ይልቅ ልጆቹ እርሱን ይሰሙታል።

የቀይ ባሕርን ኮራል በትጋት ከመረመሩት ቀደምት ሰዎች መካከል ሁለት የፕሩስያ ወጣቶች ነበሩ። ስማቸው ኤረንበርግና ሄምፕሪኽ ይባላል፤ በበርሊን በትምህርት ላይ ሳሉ ተዋውቀው ወዳጆች ሆኑ። በ1812 ዓ.ም. ከአገራቸው ወጥተው ግብፅን፤ ሲናንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ እየዞሩ ዕፀዋትንና እንስሶችን ሰበሰቡ። ምጽዋም በደረሱ ጊዜ ሄምፕሪኽ በንዳድ ታሞ በሰኔ ወር 1817 ዓ.ም. ሞተ። ዕድሜው ገና ሠላሳ አልሞላም ነበር፤ ወዳጁም በዚያው በጥዋለት ደሴት ቀበረው። ኤረንበርግ ግን ሁለቱ የሰበሰቡትን ይዞ ተመለሰና፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1834 ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። ከብዙ ዘመን በኋላም በ1954 እና በ1958 ዓ.ም. ከእስራኤል የመጡ ሊቃውንት በዳህላክ ደሴቶች ተቀምጠው የባሕሩን ፍጥረት መረመሩ። ምጽዋና ዳህላክ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የኤርትራ መንግሥት ናቸው።

ዛሬ በደሴት ላይ የሚማሩ ልጆች ሥራቸው እንዲህ ነው። ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት ጠብቀው ከዳር ወደ ጥልቁ ገመድ ይዘረጋሉ። በገመዱም ላይ በተለካ ርቀት አራት ማዕዘን ክፈፍ እያኖሩ፤ በክፈፉ ውስጥ ያለውን ብቻ ይቈጥራሉ፤ ከክፈፉ ውጭ ያለው የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን አይቈጠርም። ይህ ለልጅ ከባድ ነው፤ ዓይን ወደሚያምረው ይሄዳልና። የውሃውንም ሙቀት ይለካሉ፤ ወረቀት በውሃ ስለሚበላሽ ውሃ በማያበላሸው ሰሌዳ ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ።

የዚህ ሁሉ ድካም ጥቅሙ በ1990 ዓ.ም. ታየ። በዚያ ዓመት የብዙ ባሕር ውሃ ከልማዱ ይልቅ ሞቀና፤ ኮራሎቹ የሚመግባቸውን ነገር ከሥጋቸው አስወጥተው ነጭ ሆኑ፤ በሕንድ ውቅያኖስም እጅግ ብዙዎቹ ሞቱ። ጥፋቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በትክክል ለመናገር የተቻለው ግን አስቀድሞ ተቈጥሮ በተጻፈበት ስፍራ ነው። በእኛም አቅራቢያ ለሐረር ከተማ ውሃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓመታት ደርቆ አይተናል። በውስጡ ምን ምን ይኖር እንደ ነበር የሚጠይቅ ልጅ ቢነሣ፤ የሚመልስለት ያን ጊዜ የጻፈ ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጅጅጋ እንመለስ። በሐረርጌና በሶማሌ ምድር ሰፊ የኖራ ድንጋይ አለ። የመሬት ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ይህ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ምድሪቱን ሸፍኖ በነበረ ባሕር ሥር የተከማቸ ነው፤ ስለዚህም በውስጡ ድንጋይ የሆነ ዛጎል ይገኛል። የኖራ ድንጋይ መሆኑን ለማወቅ ድንጋዩን በቢላዋ ፍቆ በዱቄቱ ላይ ሎሚ መጭመቅ ነው፤ አረፋ ካወጣ ኖራ ነው። መምህሩ ግን ከባቢሌ ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ በዳካታ ሸለቆ አንዱ ባንዱ ላይ ቆሞ የሚታየውን ድንቅ ድንጋይ ለዚህ እንዳይመርጥ ይጠንቀቅ። እርሱ ግራኒት ነው፤ ቀልጦ ከነበረ ነገር በምድር ውስጥ ቀዝቅዞ የጸና ስለ ሆነ ዛጎል አይገኝበትም፤ የልጆቹም ድካም ከንቱ ይሆናል።

የሕይወት ያለውን ቈጠራ በኩሬ ያድርጉ። የከረን ዝናም ዘንሞ ባሊው ወይም ቢርካው በሞላ ጊዜ፤ ከአራት እንጨት በየማዕዘኑ አንድ ክንድ የሆነ ክፈፍ ይሠራ። ክፈፉ ከዳር በሲባጎ ታስሮ ይጣል፤ በውስጡ ያለው በወንፊት ተቀድቶ በነጭ ሳሕን ይገልበጥ። ጅራት ያላት የእንቍራሪት ልጅ፤ የውሃ ጢንዚዛ፤ የትንኝ ትል፤ ቀንድ አውጣ እያንዳንዱ ተቈጥሮ ይጻፍና ወደ ውሃው ይመለስ። ያልተገኘውም «የለም» ተብሎ ይጻፍ። ስሙን ልጆቹ በሶማልኛ ያውቁታል፤ ባያውቁትም ከብት ጠባቂው ያውቀዋል፤ እርሱ የተናገረው ስም እንደ ተሰማ ይጻፍ እንጂ መምህሩ ከራሱ ስም አይፍጠር። ኩሬው እስኪደርቅ ድረስ በየሳምንቱ በዚያው ቀንና በዚያው ስፍራ ይደገም።

ልጆች ወደ ውሃው አይግቡ። በቀንድ አውጣ የሚራባው የቢልሃርዝያ ትል በቆዳ በኩል ይገባል። በፋፈንና በጀረር ወንዝ ውስጥም ሰማዩ በደጋው ጠቍሮ ሳለ ማንም አይውረድ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በድሬዳዋ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው እንደ ፈጀ አይዘነጋም።

ኩሬው በደረቀ ጊዜ ከሥሩ ጭቃ በከረጢት ተደርጎ፤ ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጥ። በደረቅ አገር ኩሬ ከሚኖሩ ታናናሽ እንስሶች አንዳንዶቹ ዕንቍላላቸው በደረቅ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቈያል፤ የዝናም ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። በሚመጣው ዓመት ጭቃው በሳሕን ተደርጎ ንጹሕ የዝናም ውሃ ይፍሰስበትና ልጆቹ በየጧቱ ይዩት። የሚፈለፈል ባይገኝም ይጻፍ። ደብተሩም በመምህሩ እጅ ሳይሆን በትምህርት ቤቱ ሣጥን ይኑር፤ መምህር ይዛወራልና።